ከአርታኢዬ ጋር ያስታረቁኝ ቀን

ቅዳሜ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና ከተማ፣ በወንድሜ ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ሦስት ሽማግሌዎች ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በስተቀኛቸው፣ ፀሐዩ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አርታኢ ቆሟል፤ ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም። በስተግራቸው፣ ጥላው ውስጥ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ወንድሜ በሁለታችን መካከል ነው፤ ብንደባደብ ሊገላግለን የተዘጋጀ ይመስላል። የወንድሜ ሚስት ማድ ቤቱ በር ላይ አንድ እግሯን ውስጥ፣ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ ቆማለች። ዕርቁ ሲያልቅ የሚበላው አተካና እሳት ላይ ስለነበር ቡላውን በቅቤና በወተት ታማስል ነበር። ዕርቁ ሳይጀመር ምግቡ ሊደርስ ተቃርቧል።

አርታኢውና እኔ ግን አልተጣላንም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ሆሳዕና ስልክ ቤት፣ በኦፕሬተርነት ነው። ሰው ስልኩን በኪሱ ይዞ መዞር ከመጀመሩ በፊት ከዱራሜም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጥሪ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። ገመድ እሰካለሁ፣ አገናኛለሁ፣ ጊዜው ሲያልቅ እናገራለሁ፣ ገመድ እነቅላለሁ። በእርጅናዬ ይህንን ጻፍኩት። ስለ ማዞሪያው ሰሌዳ፣ ዝናብ ሲዘንብ ስለሚንጫጫው መስመር፣ አንድ እግሩ ስለሚነቃነቀው ወንበሬ፣ በገበያ ቀን እስከ መንገዱ ድረስ ስለሚሰለፈው ሰው ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ በራሴ ላሳትመው ፈለግኩ።

በከተማችን በራሳቸው መጽሐፍ ያሳተሙ ሰዎች አሉ። የአንደኛው ሽፋን ቀለም አንባቢው እጅ ላይ ይቀራል። የሌላኛው መሐል ገጾች ተገልብጠው ስለተጠረዙ መጽሐፉን አዙሮ ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ እንደዚያ እንዲሆንብኝ ስላልፈለግኩ አዲስ አበባ መጻሕፍትን ለኅትመት የሚያዘጋጅ ባለሙያ አፈላልጌ ረቂቁን ላክኩለት። አንብቦ ሲጨርስ ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል ብሎ መጣ። መጽሐፉ ስለ ስልክ ነው፤ በስልክ ሊያወራኝ ግን አልወደደም።

ዓርብ ዕለት አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥን። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። የወረቀቱን ዓይነት፣ የፊደሉን መጠን፣ በመጀመሪያ ብዙ ቅጂ አለማተም እንደሚሻል አስረዳኝ። ጽሑፉን የተየበችልኝ ሴትዮ የሠራችውን ሽፋንም አየው።

«አበባው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቦታው ባዶ ነው ብላ እሷ ጨመረችው።»

«ስልኩስ የታለ?»

«ከአበባው ኋላ ነው።»

ቀጥሎ መቅድሙን አወጣ። መቅድሙን ሳልጠይቃቸው ጽፈው የላኩልኝ አንድ ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። አርታኢው ከላይ እስከ ታች ሰርዞታል፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ስለሚረዝምና ስለ እኔ መጽሐፍ የሚናገረው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። በመጨረሻም ጭማቂውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ዋናውን ነገር ነገረኝ።

«እማማ፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ሰው ይደውላል፣ ማንም ግን ምንም አይልም።»

«የሚሉት ነገር የእነሱ ነው» አልኩት። «ሥራ ስጀምር የሰማሁትን ላላወጣ ፈርሜያለሁ።»

«ገብቶኛል። ግን አንድ ጥሪ እንኳ ከሌለበት መጽሐፉ የማሽን መመሪያ ነው የሚሆነው። እንዲህ ሆኖ ቢታተም እርስዎን መጉዳት ነው። እኔ አልሠራውም።»

ያለ እሱ ማሳተም አልፈለግኩም። የሰው ምስጢር ዘርግፌ ማሳተምም አልፈለግኩም። ማታ ለራት ወንድሜ ቤት ስሄድ ሚስቱ፣ «እትዬ፣ እንዴት ሆነላችሁ?» አለችኝ። «አልተስማማንም» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ ካደሩ ሽማግሌ ይጠራል። ድንበር የተገፋፉም ይሁኑ፣ ባልና ሚስትም ይሁኑ፣ ልዩነት የለውም። አርታኢና ጸሐፊ ከዚህ ውጭ ናቸው የሚል ነገር ወንድሜ ሰምቶ አያውቅም። እኔ እጄን ታጥቤ እስክመለስ ሦስቱም ዘንድ ደውሎ ጨርሷል።

ሦስቱ እነማን እንደነበሩ ልናገር። መሐል የተቀመጡት መቅድሙን የጻፉት ዳይሬክተር ናቸው። በቀኛቸው ያሉት ነጋዴ ከጉራጌ አገር የመጡ ቤተሰብ ልጅ ሲሆኑ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ናቸው። በግራቸው የሟቹ ባለቤቴ የአጎት ልጅ፣ ከሆመቾ ከተማ የመጡት ሰው አሉ። ስብሰባውን በጸሎት የከፈቱት እሳቸው ናቸው። የእንግዳውን ልብ እግዚአብሔር እንዲያለሰልስ ረዘም ላለ ጊዜ ለመኑ። እንግዳው ግራ ተጋብቶ «አሜን» አለ። ነጋዴውም «አሚን» አሉ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «እህታችን ምን በደለችህ?»

«ኧረ ምንም! እኔ አስተያየት ነው የሰጠሁት።»

«ክፉ ቃል ተናገርካት?»

«አስተያየት ነው ጋሼ፣ ሥራዬ ነው። ረቂቁ ጠርዝ ላይ ነው የጻፍኩት።»

«በጽሑፍ?» ነጋዴው ደነገጡ። «ሰምታችኋል? በጽሑፍ ነው የተናገራት!»

የሆመቾው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሥርዓቱ ተገባ። ሁለታችንም ፍርዱን እንደምንቀበል ዋስ እንድንጠራ ተጠየቅን። የእኔ ዋስ ወንድሜ ሆነ። አርታኢው ዙሪያውን ተመለከተ።

«ዋስ? ለአስተያየት?»

«በሆሳዕና የምታውቀው ሰው የለም?»

«የሆቴሉን ዘበኛ አውቃለሁ» አለ።

የወንድሜ ሚስት ማማሰያዋን አነሳች። «እኔ እሆነዋለሁ። ቁርስ እኔ ቤት ነው የበላው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩን የምሯን ያዘችው። ለአርታኢው በርጩማ አመጣችለት፣ ጥላ ውስጥም አስገባችው።

አርታኢው ለሽማግሌዎቹ ነገሩን ደህና አድርጎ አስረዳ። ሰው የማይናገርበት መጽሐፍ ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል፣ እማማ የስንት አገር ሕዝብ ድምፅ ሰምተው አንዱን እንኳ አልጻፉም አለ። ሽማግሌዎቹ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ማዘንበል ጀመሩ።

«ልክ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ምልልስ የሌለው ድርሰት አይጥምም። እኔም ተማሪዎቼን እንዲሁ ነበር የማስተምረው። በነገራችን ላይ፣ መቅድሙን ማን ነው የሰረዘው?»

የአርታኢው ዋስ ፈጥና፣ «እሱ ወደ በኋላ ይታያል» አለች።

«እህታችን፣ ምን ትፈሪያለሽ?» አሉ ነጋዴው እየሳቁ። «ዘመኑ አልፏል። ተናገሪ! ሰው ይሳቅ!»

«እስቲ ለሙከራ አንድ ጥሪ» አለ አርታኢው። «አንድ ብቻ፣ እዚሁ።»

«አንድ ብቻ» አሉ ሦስቱም።

አሰብኩ። «ከማን ልጀምር?» አልኩ። «ድምፃቸውን አጥርቼ የማስታውሰው እዚህ የተቀመጡትን ሦስቱን ነው።»

ለማስፈራራት አልነበረም፣ እውነቱ እሱ ነው። ከአቮካዶው ሥር ግን ሦስቱም ተያዩ።

«የእኔ እንኳ የጨርቅ ጉዳይ ነው» አሉ ነጋዴው። «ጨርቅ ብቻ ነው።»

«ማን ጠየቀዎት?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እርስዎስ ወደ ሀደሮ ይደውሉ የነበረው?»

«ለትምህርት ጉዳይ ነዋ!»

«በክረምት? ትምህርት ቤት ተዘግቶ?»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

«ከኋላዎ ተሰልፌ! ያኔ መስመሩ ደካማ ነው፣ የሚጮኸውን ሁሉ ሰልፈኛው ይሰማል። ‹ናፈቅሽኝ› የሚባል የትምህርት ዓይነት የትኛው ክፍል ነው የሚሰጠው?»

የሆመቾው ሰው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን አጽድተው ሽማግሌ ሊመክር ነውና ወጣ በሉ አሉን። አርታኢውና እኔ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ኋላ ሄደን ቆምን።

«እማማ፣ ቢፈርዱብኝ ምን እሆናለሁ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ካሳ ነው። በግ ሊሆን ይችላል።»

የቀለድኩ መሰለው። ፊቴን አይቶ እርግጠኛ መሆን አልቻለም።

ብዙ ሳይቆዩ ጠሩን። ፍርዱን ዳይሬክተሩ ቆመው ተናገሩ። እንግዳው ጨዋ ስለሆነ ይቅር ተብሏል። እህታችን የገባችው ቃል የተከበረ ስለሆነ ማንም የደወለው ጥሪ፣ ከየትም ይምጣ፣ ወደ የትም ይሂድ፣ በተለይ ወደ ሀደሮ የሄደ፣ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። መቅድሙ ይመለሳል።

«እኔ ምን አጥፍቼ ነው ይቅር የተባልኩት?» አለ አርታኢው።

«ዝም በል፣ አትርፈሃል» አለችው ዋሱ። ከዚያ ግን ራሷ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እናንተ የየራሳችሁን አስቀራችሁ። እትዬም ቃላቸው ተከበረላቸው። የእኔ ሰው ምን አገኘ? ባዶ እጁን ሊሄድ ነው? እሱ ካልሠራው እኮ መጽሐፉም አይወጣም!»

ነጋዴው እውነቷን ነው አሉ። ዕርቅ ሁለቱንም ወገን ካልዳሰሰ ዕርቅ አይደለም። እንደገና ሊመክሩ ሲነሱ አርታኢው ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ የሌላውን ሰው እንተወው። የእርስዎ የራስዎ ጥሪስ? ለእርስዎ ማንም ደውሎ አያውቅም?»

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

«ከየት?»

«ከዱራሜ።»

«ምን አለዎት?»

«ጊዜው አለቀ።»

የሆመቾው ሰው ጉልበታቸውን መቱ። «ከጎኑ የቆምኩት እኔ ነኝ!» አሉ። «እኔ ነኝ እኮ! ሟቹ ወንድማችን ያኔ ዱራሜ ያስተምር ነበር፤ ልጠይቀው ሄጄ ስልክ ቤት ይዞኝ ገባ። ጆሮ ግንዱ ላይ ላቡ ይወርዳል። ስለ ዝናቡ ጠየቃት። ስለ መንገዱ ጠየቃት። ስለ ድንች ጠየቃት! ‹ኧረ ዋናውን ተናገር› ብዬ ጎኑን ጎሰምኩት። በመጨረሻ፣ ‹ሽማግሌ ብልክ ቤተሰብሽ ይቀበላል ወይ?› ሲላት፣ ‹ጊዜዎ አልቋል› ብላ ዘጋችው!»

«እትዬ! ዘጉበት?» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ሌላ ደንበኛ ይጠብቅ ነበር» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ወንድሜ እንኳ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን እንዳጠቆረ የዋለው፣ ዛፉን ተደግፎ ሳቀ። አርታኢው በርጩማው ላይ ሆኖ ዓይኑን ጠራረገ።

እኔ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ባለቤቴ ስለዚያ ጥሪ አንስቶልኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መጣ፣ ተጋባን፣ ልጆች አሳደግን፣ እሱ አረፈ።

«ስዘጋው ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

የሆመቾው ሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔማ አዘንኩለት። ‹ተወው፣ ሌላ ትገኛለች› አልኩት። እሱ ግን ደስ ብሎት አገኘሁት! ‹ሥራዋን ታውቃለች› አለኝ። ከዚያ አብረን መኪና ተሳፈርን። እስከ ዶዮገና ድረስ ሌላ ነገር አልተናገረም። መስኮቱን እያየ፣ ‹ሥራዋን ታውቃለች፤ አየህ፣ ሥራዋን ታውቃለች› ይላል። እንደ ሰከረ ሰው ነው የሆነው። አጠገባችን የተቀመጡ ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።»

በዚህኛው ብዙም የሳቀ አልነበረም።

አርታኢው ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ረቂቁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «አባቶቼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይኸኛው መግባት ይችላል?»

ዳይሬክተሩ ግራና ቀኝ አዩ። «ደዋዩ በሕይወት የለም። ቤተሰቡ ካልተቃወመ…»

«እኛ ፈቅደናል» አሉ የሆመቾው ሰው።

«እኔም» አሉ ነጋዴው። «ጨርቅ የለበትም።»

«እንግዲህ የቀረው የእሷ ፈቃድ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አርታኢው፣ «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው» አለኝ።

«ረቂቁን ስጠኝ» አልኩት።

ተነስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«እስክሪብቶህንም።»

ሰጠኝ። ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ «ራሴ እጽፈዋለሁ» አልኩትና የግቢውን በር ከፍቼ ወጣሁ።