አንዳርጋቸው ያስነሣው ሰዓት

ጎንደር አራዳ ውስጥ ሞተር የነካ ሰው ሁሉ አንዳርጋቸውን ያውቀዋል። እኔ ግን አንድ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስለሠራሁ ከሌላው ይበልጥ አውቀዋለሁ። እጁ ወርቅ ነው፤ የቆመ ዕቃ አይቶ ማለፍ ግን አይሆንለትም። ስንት ጊዜ «ተው፣ የታዘዝከውን ብቻ ሥራ» ብዬዋለሁ! አይሰማም።

በ1972 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከደባርቅ ወዲያ ካለች አንዲት የደጋ ከተማ ጥሪ መጣለት። ለመሠረተ ትምህርት አዳራሹ መብራት የሚሰጠው ጀነሬተር በብርዱ አልነሣ ብሎ ነበር። እዚያ በታኅሣሥ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጠጥሮ ያድራል። ናፍጣው ይወፍራል፣ ዘይቱ አይፈስም፣ ባትሪው ጉልበት ያጣል። አንዳርጋቸው መላውን ያውቅበታል፤ ባትሪውን ፈትቶ በጋቢ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ያሳድረዋል፣ ዘይቱን ቀድቶ ያወጣና በማግሥቱ ምድጃ ላይ አሙቆ ይመልሰዋል፣ ከሞተሩ ሆድ ሥር ፍም ያኖራል። ሚስቱ «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ተጨንቀህልኝ አታውቅም» ትለው ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። አርፎ ቢመለስ ምን ነበረበት? አዳራሹ ግድግዳ ላይ ግን አንድ የቆመ የኤሌክትሪክ ሰዓት አየ። አሜሪካ ሠራሽ ነው፤ የሚፈልገው መቶ አሥር ቮልት ነው፣ የእኛ ኮረንቲ ሁለት መቶ ሃያ። ትንሽ ትራንስፎርመር አበጅቶ ቮልቱን አወረደለት። ሰዓቱ መዞር ሲጀምር ሰው አጨበጨበ። ከሰዓቱ ጀርባ «60» የሚል ቁጥርም ነበር፤ አይቶ አለፈው።

ትምህርቱ የሚያበቃው ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓት እላፊው ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዳርጋቸው ሞተሩን ሲያስነሣ አስተማሪው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ሬዲዮ ሰምቶ የግድግዳውን ሰዓት ያስተካክለዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሰዓቱም ይቆማል።

በሁለተኛው ምሽት ትምህርቱ ሲያበቃ አንዳርጋቸው የእጅ ሰዓቱን ቢያይ ከግድግዳው በግማሽ ሰዓት ቀድሟል። «ብርዱ አሳብዶታል» ብሎ አወለቀና ኪሱ ከተተው።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ከተማዋ የሌላ ሰው አገር ትመስላቸው ጀመር። በሩ ሁሉ ተዘግቷል፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም፣ ጉሙ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ገና ግማሽ ሰዓት አለን ይላሉ፤ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች በዚያ ብርድ ከእሳት ዳር ለመነሣት ስለሚለግሙ ሦስት ምሽት ማንም አልተነካም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ብርቄ የምትባል ሴት ሞተሩ አጠገብ ወዳለው አንዳርጋቸው መጣች። ባሏ አያ የሻው በስተርጅና ፊደል የሚቆጥር ገበሬ ነው፤ ቤታቸው ከአዳራሹ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ሰማዩ ምን ሆነ?» አለችው። «አያ የሻው ከትምህርት ሲመጣ ኮከቧ ከጥዱ ጫፍ ነበር የምትሆን። ሰሞኑን ጥዱን አልፋ ሄዳ ነው የሚገባ። ፈራሁ።»

«እትዬ፣ ኮከቡን ይተዉት፤ ኮረንቲ አይሳሳትም» ብሎ ሳቀ።

በዚያው ምሽት አንድ አዲስ ጠባቂ በሰዓቱ ወጣ። አንዳርጋቸው አዳራሹን ሊዘጋ ሲል ሁለት ጥይት ሰማ። ቀና ብሎ ቢያይ ግድግዳው ላይ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ሰዓት እላፊ ሳይገባ ማንን ይተኩሳሉ ብሎ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆመ፤ ሰዓቱ እዝዝ እያለ ይዞራል።

የተገደለው አያ የሻው ነበር። ሰዓት እላፊ የጣሰ ፀረ አብዮት ነውና አይለቀስለትም፣ ከቤተ ክርስቲያንም አይቀበርም ተባለ።

አንዳርጋቸው እንቅልፍ አልወሰደውም። ብርድ ዘይት ያዘገያል፣ ባትሪ ያደክማል፤ ብርድ ያፈጠነው ዕቃ ግን በዕድሜው አይቶ አያውቅም። እንግዲያው የእጅ ሰዓቱ ልክ ነበር፣ የዘገየው የግድግዳው ነው። ያ ሰዓት የሚዞረው በኮረንቲው ምልልስ ልክ ነው፤ የተሠራው ደግሞ ጀርባው ላይ እንደተጻፈው በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ለሚመላለስ ኮረንቲ ነው፤ የእኛ የሚመላለሰው ሃምሳ ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይነካውም። ሰዓቱ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ሲበላ ሰንብቷል።

እኔ ብሆን አፌን ዘግቼ ጎንደር እገባ ነበር፤ አላፍርበትም። በዚያ ዘመን ስሕተት አሻጥር ነበር፣ አሻጥር ደግሞ የሚያስከትለውን ሁሉም ያውቃል። እሱ ግን ሲነጋ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄዶ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሟቹ ሰዓት እላፊ መግባቱን አላወቀም» አለ።

«አሳየን» አለው ሊቀ መንበሩ።

እንደዚያ ቀን የከፋ ውርጭ አልነበረም ይላል። ሞተሩ ሦስት ጊዜ እምቢ አለው። ፍሙን ጨመረ፣ ዘይቱን እንደገና አሙቆ ሞላ፤ ሟቹን ማስቀበር የሚችለው ያ ሞተር ከተነሣ ብቻ ነው። በአራተኛው ተነሣ። የግድግዳውን ሰዓት ከሬዲዮው ጋር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አደረጉና ሊቀ መንበሩ፣ ጠባቂዎቹና ብርቄ በተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሬዲዮው ሦስት ሰዓት ሲል ግድግዳው ላይ ገና ለሦስት አሥር ጉዳይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ሬዲዮውን ዘጋ። «ይቀበር» አለ። «ይለቀስለትም።»

ብርቄ አላለቀሰችም። ተነሥታ አንዳርጋቸው ፊት ቆመች።

«የዚያን ዕለት ማታ ስንት በላበት?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ያን ቢያገኝ ከቤት ይደርስ ነበር?»



«ይደርስ ነበር፣ እትዬ» አላት። «ደርሶ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር።»

ያን ጊዜ ጮኸች።