በሙከራ ሳይክል የሸኘሁት ቀብር

እስቲ ስሙኝ ወገኖቼ፣ አላንዛዛባችሁም። ጉልበቴ የአሰላን ዳገት እምቢ ቢለኝ፣ በባትሪ የሚሄድ የተራራ ሳይክል ልገዛ አንድ ነጋዴ ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ዳገቱን ሞክረው በአስር ደቂቃ ይመለሱ» ብሎ ሰጠኝ።

ዳገቱን ሳላለከልክ ወጣሁት። ይሄንንስ እገዛዋለሁ አልኩ በልቤ። ጫፉ ላይ ግን ቀብር ገጠመኝ። አስከሬን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ምን ሰው ይባላል? ወረድኩና ሳይክሉን እየገፋሁ ተከተልኩ። ጥቂት ልሸኝ ብዬ መቃብሩ ድረስ ዘለቅሁ። ለቅሶው አባቴን አስታወሰኝና እንባዬ መጣ።

ነጋዴው፣ ይዞብኝ ጠፋ ብሎ፣ እየሮጠ ደረሰ። ሳለቅስ ሲያየኝ ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ቆመ። አፈሩ ሲያልቅ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «እግዜር ያጥናዎት ጋሼ። ሟቹ ምንዎ ነበሩ?» አለኝ።

«ኧረ አላውቃቸውም።»

«በል ሳይክሌን አምጣ!»