እትዬ መዝገብና አዲሱ ሚሞሪ

እትዬ መዝገብን ከወንበራቸው ያስነሳቸው እርጅና ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ውሸት ነው በሉልኝ። ያስነሳቸው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ የኮምፒውተር ሚሞሪ ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አልነበረም።

"መዝገብ" ቅጽል ስማቸው ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በምንሰጥበት ቢሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርተዋል። አንድ ባለጉዳይ የአባቱን ስም ገና ሲጠራ፣ "የወንድምህን እኮ እኔ ነኝ ያወጣሁለት፤ ከቀኝ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው" ይላሉ፤ ሄደን ስናይ እዚያው ነው። ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከዚያው ወንበራቸው ተነስተው በክብር መሰናበት።

ኮምፒውተራቸው ቀርፋፋ ስለነበር የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መጣ። "ኤክስፐርቱ" ነው የምንለው፤ እንደዚያ በሉኝ ያለው ራሱ ነው። ከነባሩ ሚሞሪ ጎን አዲስ ሰካና "አሁን ይበርራል" ብሎ ሄደ። በረረ እንጂ! እትዬ የድሮዎቹን መዝገቦች ስካን ከፍተው ሲሠሩ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ሰው ተሰልፎ፣ ልጅ ያዘለች እናት ቆማ፣ የተጻፈው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

ኤክስፐርቱ ተጠራ። ሳጥኑን አልከፈተም። "ቫይረስ ነው" አለና ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭኖ ሄደ። በማግስቱ ያው ሆነ። ሁለተኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ ቁልፉን በኃይል ነው የሚመቱት።"

"እኔ ጽሕፈት መኪና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ድሮም እንዲሁ ነው የምመታው። እስካለፈው ወር ለምን አልታመመም?"

"ዕድሜም አለ እኮ፣ እትዬ።"

ዕድሜ! ያቺ ቃል አለቃችን ጆሮ ደረሰች። ጠርቶ፣ ሥራው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ምድር ቤት ወዳለው የፋይል መጋዘን እንደሚዛወሩ ነገራቸው። ማሽኑን የነካካውን መጠየቅ ሲገባ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እሳቸው ግን አልጮሁም፤ ደብተር ገዙ። ስንት ሰዓት ላይ እንደጠፋ፣ ምን ተከፍቶ እንደነበር፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ጻፉ። በአሥረኛው ቀን ጠሩኝ።

"አየህ፣ ደብዳቤ ብቻ ስጽፍ ደህና ነው። ከባድ ነገር ስጭንበት ነው የሚወድቀው። ድሮ ከባዱን ሲይዝ ይንፏቀቃል እንጂ አይወድቅም ነበር። ታዲያ ምን ተጨመረ? ያ አዲሱ ነዋ!"

አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለው ስልክ ጠጋኝም "አንዱን አውጥተው በሌላው ብቻ ይሞክሩት፤ ከዚያ ይለዋውጡ" ብሏቸዋል። ጥበቡ ይኸው ነው። ኤክስፐርት አይጠይቅም።

ችግሩ፣ እኛ ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ጎኑ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ያንን የቀደደ ንብረት እንዳጠፋ ይቆጠራል። ኤክስፐርቱ እንኳ መክፈት የሚችለው የንብረት ክፍሉ ሰው ቆሞ ሲያይ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ ያውም ስብሰባ ከሌለው፣ ካልታመመ፣ ካልዘነበ። እትዬ ይከፈትልኝ ብለው ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቁ። መልስ የለም። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ሳይገባ በሩን ዘጉና "ና፣ ብሎኖቹን ያዝልኝ" አሉኝ።

ወረቀቱን በጥፍራቸው ቀደዱት። እኔ ብሎኖቹን በአንድ እጄ ይዤ በስልኬ አበራሁላቸው። አዲሱን ሚሞሪ አውጥተው ኮምፒውተሩን በአሮጌው ብቻ አስነሱት። ቀኑን ሙሉ ከባድ ከባዱን ከፈትንበት፤ ተንፏቀቀ እንጂ አልጠፋም። መውጫ ሰዓት ላይ ደግሞ አሮጌውን አውጥተን አዲሱን ብቻ ሰካን። ስምንት ደቂቃ አልሞላውም፣ ሰማያዊ። ሌላኛው መሰኪያ ላይ አደረግነው፤ ያው ሰማያዊ። እትዬ አጨበጨቡ።

"ጤነኛ ነኝ!" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

በማግስቱ አሮጌውን መልሰው፣ አዲሱን በወረቀት ጠቅልለው፣ ከደብተሩ ጋር አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አለቃችን ደብተሩን አልገለጠውም።

"ማኅተሙን ማን ቀደደው?" አለ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ማሽኑን ገልጦ ለማየት ወር ሙሉ ጊዜ ያጣው ሁሉ፣ ለቁራጭ ወረቀት ጊዜ አገኘ። ኤክስፐርቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ሚሞሪው ደህና ነበር፤ ሲነቅሉት ነው ያበላሹት" አለ።

"ሳይነቀልም ሲጠፋ ባልደረባዬ አይቷል" አሉ እትዬ። "ስከፍተውም አጠገቤ ነበር። ጠይቁት።"

ጠየቁኝ። አለቃዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል። የቅጥር ውሌ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነበር፣ የሚፈርመውም እሱ።

"ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር" አልኩ። "ስመለስ ተከፍቶ አገኘሁት። ሲጠፋም አላየሁም።"

ጻፉት። ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።

ስንወጣ እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ሻዩስ ጥሩ ነበር?" አሉኝ።

አሁን እንዲህ መንጨርጨሬ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሆነ አውቃለሁ። ኤክስፐርቱን ስሰድብ፣ አለቃዬን ስረግም የማመሸው ማንን መስደብ እንደማልደፍር ስለማውቅ ነው። እሳቸው ምድር ቤት ፋይል ይደረድራሉ። ኮምፒውተሩ፣ እሳቸው ከጠገኑት ወዲህ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። አሁን የምሠራበት እኔ ነኝ።