ኪና ቻይና አይደለም

ፊደል የቆጠርኩት ኦስሎ ገብቼ፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሰው ዘግይቶ ሲማር ደግሞ ሁሉን ያነበበ ይመስለዋል።

ሚሌኒየማችን በተከበረ ማግስት ቶየን በሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ አጸዳ ነበር፤ ከአንዲት የፔሩ ሴት ጋር። ባለቤቴ እዚያው ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሰጥ ኮርስ ገባች። አስተማሪው ፔሩ ሦስት ሳምንት የከረመ ኖርዌጂያዊ ነው፤ አንገቱ የተቀደደ ብርድ ልብስ ለብሶ የአንዲስ ተራሮች መድኃኒት ይሰብካል። ተራራው አባት ነው፣ ምድሪቱ እናት፣ ቅጠሉ ወተቷ፤ ኪኒን ግን የፋብሪካ መርዝ። ባለቤቴ ሲከየም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ኪኒን ስታስውጥ የምትውል ሴት ናት። ይህን ሰምታ የራሷን የደም ግፊት ኪኒን ተወችው። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ መያዝ ጀመረች።

«ዋጪ» ስላት፣ «አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?» ትለኛለች።

አንድ ማክሰኞ ሰውየው ተረት ያወራል። ትኩሳት ያነደደው መንገደኛ ጫካ ውስጥ ጠፋ፤ ዛፍ የወደቀበት ኩሬ አገኘ፤ ውኃው እሬት ነው፤ ጠጣና ዳነ። ከዚያ የዛፉን ልጥ በብልቃጥ አሳየ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ለቀምኩት፦ ኪ፣ ና። ኪና በኖርዌጂያን ቻይና ነው። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ።

«ውሸታም! የቻይና ዕቃ ነው!» ብዬ ከነመወልወያዬ ጮህኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ እየገፋች ዕቃ ቤት አስገባችኝ።

«አዋረድከኝ! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ኪኒን አልውጥም!»

አማርኛ የማታውቀው የፔሩዋ ሴት በኖርዌጂያን ጣልቃ ገባች።

«ኪኒን አልሽ? ኪኒን እኮ የእኛ ዛፍ ነው። ያ ብልቃጥ ውስጥ ያለው፣ የወባ መድኃኒት የሚወጣበት። ኪና በእኛ ልጥ ማለት ነው፤ ቻይና አይደለም፣ አንተ ጅል።»

«እኛ ሁሉንም መድኃኒት ነው ኪኒን የምንለው፤ እሷ የተወችው የግፊቱን ነው» አልኳት።

«ይኸው! እናቴ ቅጠል ለቃሚ ነበረች። ሳትቆርጥ ተክሉን ታስፈቅዳለች፣ ለምድር የኮካ ቅጠል ታስቀምጣለች። ለግፊቷ ግን የሐኪሙን ትውጥ ነበር። ያ ባለ ብርድ ልብስ ይህን ነገራችሁ?»

ባለቤቴ ትቬይታ ሰፈር፣ ቤታችን እንደደረስን፣ ኮቷን ሳታወልቅ የኪኒኗን ፓኮ ከመሳቢያ አወጣች።

«ይሄም ከዛፉ ነው?»

እንዳልሆነ አውቃለሁ። የወባው ሌላ፣ የግፊቱ ሌላ።

«ያ» አልኳት በኖርዌጂያን፤ አዎ ለማለት።

ዋጠችው።