«አለቀላቸው» ያልኩት ባንድ

አቤል፣ ሰማህ? ያ የእንግሊዞቹ ሮክ ባንድህ ከድሮው ዘፋኝ ጋር ታርቆ ተመልሷል።

ስታዲየም ሲሞሉ ኖረው፣ ዘፋኙ ጥሏቸው ሲሄድ ትንንሽ አዳራሽ ውስጥ ቀሩ። «አለቀላቸው» ስልህ፣ «ቆይ ታያለህ፣ አንተ ልጅ» ትለኝ ነበር።

ቁርስ ላይ ለእማዬ ነገርኳት። «የወንድምህ አርባ ሳይወጣ እዚህ ቤት ሙዚቃ የለም» አለች። ሻይ እየቀዳችልኝ፣ «በጆሮ ማዳመጫህ የምትሰማውን ግን እኔ አላውቅም» ብላ ጨመረች።

ይህን የምታነቡ እናንተስ፣ የሞተባችሁ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ መልሳችሁ የሰማችሁት የት ነበር? ጻፉልኝ።

እኔ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ አቤል ሳያደርሰኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ትምህርት ቤት ስሄድ። ያለ ዘፋኙ የሠሩትን፣ ማንም ያልገዛውን አልበም ከፈትኩ። ከሰፈራችን ከግሪን ቫሊ ራንች ስንወጣ ተራሮቹ ጭጋግ ላይ ተንሳፍፈው ነበር። ፌርማታዬ አለፈ። የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ አልወረድኩም።