ለግል ብቻ

ሰሞኑን ውጫሌ ባለው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም ስጭን፣ ሁላችንም ሳናነብ «እስማማለሁ» የምንለው ውል ብቅ አለ። እንደ ልማዴ ላልፈው ስል «ለግል አገልግሎት ብቻ» የሚል ሐረግ ዓይኔን ያዘውና ፊቴ ጋለ።

ለውጥ መጣ ተብሎ ሁሉም ተስፋ ባደረገበት ሰሞን ሰዒድ የሚባል ጓደኛዬ ከዐረብ አገር ወደ ሐይቅ ተመለሰ። ወደዚያ ለሥራ ለሚሄዱ ልጆች ዐረብኛ የሚያስተምር የስልክ አፕ ሠራና ይሸጥ ጀመር። ቃላቱን የሚያነበው በራሱ ድምፅ ነው። «ይሄ ከሄደልኝ ሁለተኛ ባሕር አልሻገርም» ይለኝ ነበር። እህቴ አንሻም ለመሄድ ተሰናድታ ስለነበር ገዛሁላት፤ ግን አነባበቡ ፈጠነባት። ያኔ የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩና ላስተካክለው ብዬ አስፈቀድኩት።

«ለግልህ ከሆነ እንዳሻህ አርገው» አለኝ። «ለሰው ግን እንዳትሰጥ። እንጀራዬ ነው።»

ድምፁን አዘገየሁት። በእናቴም ስልክ እንዲሠራ ብዬ መቆለፊያውን ፈታሁ። የሰዒድ ስም የሚታይበት ገጽ ሲከፈት ያጓትታል ብዬ እሱንም አወጣሁት። ለእናቴም «ለግላችን ነው» አልኳት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ተሰደድን፤ ተመለስን። የተዘረፈው ቤት ሁሉ ሴት ልጁን ለመላክ ተነሣ። እናቴም አፑን ከስልክ ስልክ ታድለው ጀመረች። «ለግላችን አላልኩሽም?» ብላት፣ «የጎረቤት ልጅ የኛ አይደለችም?» አለችኝ። በኛ ሰፈር የጎረቤት ልጅ የራስ ልጅ ናት። እኔም ስቄ ተውኳት።

በመስከረም፣ እሸት በቆሎ ተቀቅሎ ቀርቦ ሳለ፣ ሰዒድ ከስቶ መጣ። አፑን የሚገዛው እንደጠፋ ሲያጫውተኝ፣ «ዐረብኛ» የሚለውን ብቻ የሰማችው እናቴ ጣልቃ ገባች።

«ለዐረብኛው ነው እንዴ የምትጨነቅ? ልጄ የሠራው አለ። ወላሂ በነፃ ነው፣ ስልክህን አምጣ።»

ከፈተችው። የሰዒድ ድምፅ እየተጎተተ «ውሃ»ን በዐረብኛ አነበበ። ሰዒድ አየኝ። እኔ በቆሎ መፈልፈሉን ቀጠልኩ። እፍረት ጆሮዬን አነደደው።

«ጎበዝ ልጅ ነው ያለዎት» አላትና ስልኩን ሰጣት። «ይላኩልኝ።»

መኸሩ ሳይሰበሰብ ባሕሩን ተሻገረ።

አሁንም ይደውልልናል። ከእናቴ ጋር ሲጨርስ ከኔ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ገበያው እናወራለን። ይቅርታ ያልጠየቅሁት እናቴ ያደረገችውን አውቃ እንዳታዝን ነው እላለሁ። እውነቱ ግን «አብሽር፣ ምንም አይደል» እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።