ድስት ይዘው ስብሰባ የሄዱት አክስቴ

አክስቴ ቅልጥም ከጣዱ የልደታ ማርያም ጣሪያ ቢገነጠል ከምድጃው ዳር አይነሱም ነበር። "እሳትና ሕፃን ብቻቸውን አይተዉም" ይላሉ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከእስር ተፈቶ ሲመጣ ከመክሳቱ የተነሳ ጥላው ከእሱ ይወፍር ነበር። ሆዱ ከአጥንት መረቅ በቀር የሚቀበለው ነገር አልነበረም፤ እሱም ቀኑን ሙሉ በለስላሳ እሳት የተንተከተከ ከሆነ ነው። አንድ እሑድ መረቁ ገና ሳይደርስ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። መቅረት ያስጠይቃል። አክስቴ አላቅማሙም፤ ከሰል ምድጃውን ከነድስቱ እኔና እሳቸው ግራና ቀኝ ይዘን አዳራሽ ገባን።

"እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

"የልጄ ነፍስ ናት። እናንተ ቀጥሉ፣ እሷም ትቀጥላለች።"

ሽታው አዳራሹን ሞላው። ንግግር የሚያደርገው ካድሬ ምራቁን እየዋጠ ሦስት ጊዜ መስመር ሳተ። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ስብሰባ በአርባ ደቂቃ ተበተነ፤ ከአብዮቱ ወዲህ እንዲህ ያጠረ ስብሰባ ታይቷል የሚል ካለ ውሸታም ነው፣ እኔ ነኝ የምላችሁ።

ወንድሜ ያን ዕለት ሁለት ኩባያ ጠጣ። በማግስቱ እንጀራ አምጡልኝ አለ። ዛሬ በበር የሚገባው በጎኑ ነው።

የአክስቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ እኔና እሱ ቅልጥም ጣድን። አሥር ጊዜ ቀመስን፤ ጨውም አልጎደለውም። ግን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ምድጃ ዳር ቁጭ ብለን፣ ከሰሉ አመድ እስኪሆን ድረስ፣ "ደርሷል፣ አውርዱት" የሚለን ሰው ጠበቅን።